የወለላ ድምፅ ማደሪያ

በእስቴዋ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ወለላ ዋሲሁንን የማያውቅ ተማሪ የለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ተወልዳ ያደገችው ንፋስ መውጫ ነው፤ ወደ እስቴ የመጣችው ዓለምነህ የሚባል የጤና መኮንን አግብታ ነው። ቀጠን፣ አጠር ያለች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። ወፈር ያለ፣ የተረጋጋ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሳትጮኽ የምታሰማበት ድምፅ ነው። ዓለምነህ ሳያያት በፊት በስልክ ሰምቷት ትልቅ ሴትዮ መስላው ነበር፤ ይህን እያነሣ እስከ ዛሬ ያስቃል።

ነገሩን ያመጣው ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ የስማዳ ሰው ነው፣ ወገዳ አጠገብ ካለች መንደር። ገና ጡት ሳይተው ኩፍኝ ይዞት ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። አባቱ «ማረስ ባይችል ሊቅ ይሁን» ብለው ለቅኔ መምህር ሰጡት። ከመምህር ወደ መምህር እየዞረ ዜማውንም ቅኔውንም ሲማር አደገ፤ አስነጋሪ፣ የመምህሩ ረዳት ሆኖ ታናናሾቹን እስከ ማስቀጸል ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሕግ የመማር ሐሳብ ልቡ ገብቶ፣ ብሬል ተምሮ፣ የአስኳላውን ትምህርት ከታች የጀመረው። መካነ ኢየሱስ መጥቶ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ጢሙን የሚላጭ ሙሉ ሰው ነበር።

የክፍሉ መጻሕፍት በብሬል አልነበሩም። ያለው ዘዴ የሚያነብለት ሰው መፈለግ ነው። ጓደኞቹ ደጎች ነበሩ፤ ፈተና ሲደርስ ግን ሁሉም ለራሱ ያጠናል፣ ማን ይታማል? አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወለላ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ስታልፍ፣ ጥጋቡን የባዮሎጂ መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አየችው። ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ስትመለስም እዚያው ነበር። መጽሐፉ እንደተዘጋ ነው።

ምን እንደሚጠብቅ ጠየቀችው። የሚያነብለት ልጅ ቀጥሮት እንደነበር፣ ሳይመቸው ቀርቶ እንደሚሆን ነገራት። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ዝናብ ዘገየ እንደሚል ገበሬ ነው የተናገረው። ከጎኑ ተቀምጣ መጽሐፉን ተቀበለችውና ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር የሚናገረውን ምዕራፍ አነበበችለት። ስትጨርስ፣ ስሕተት ካለ ያርሙኝ ብሎ የሰማውን ከመጀመሪያው አንሥቶ በቃሉ ወረደው። ድጓ በቃል የሚይዝ ሰው አእምሮ ነውና የሳታት ቃል ብዙም አልነበረች። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘለሉ፤ ‹በሥዕሉ እንደሚታየው› ይላል። ሥዕሉ ምን ይላል?» አላት።

ወለላ ወደ ገጹ ተመለሰች። እውነትም ዘልላዋለች። ሥዕል የሚነበብ ነገር መሆኑን እስከዚያች ቀን አስባው አታውቅም ነበር። እየተንተባተበች ጀመረች፦ ልብ አራት ክፍል ያለው ቤት ነው፣ ሁለቱ ክፍሎች ከላይ ሁለቱ ከታች፣ በላይኛውና በታችኛው መካከል ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት በር አለ። ጥጋቡ እየሰማ ቤቱን በጣቱ አየር ላይ ሠራው፤ በሩን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ «አሁን ገባኝ» አለና ተነሥቶ ዱላውን ያዘ።

ቤቷ ስትገባ ጉዳዩን ለዓለምነህ አጫወተችው። አንድ ጊዜ ያነበብኩትን ስልኬ ላይ ብቀርጸው፣ ጥጋቡ ማንንም ሳይለምን በፈለገው ሰዓት ይሰማዋል አለችው። በማግሥቱ ጀመረች። መጀመሪያ የቀረጸችው በአውራ ዶሮ ጩኸት ተበላሸ፤ ሁለተኛው ላይ ባጃጅ ገባበት። በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን ከልብሶቹ መካከል አግብታ ማንበብ ጀመረች። ልብሱ የውጪውን ድምፅ ይውጠዋል። ዓለምነህ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ጎረቤት ሲጠይቀው «እናታቸው ከቀሚሶቿ ጋር እየተነጋገረች ነው» ይላል።

እንዲህ እያለች ባዮሎጂውን ጨረሰች፣ ታሪኩን ጨረሰች፣ ጂኦግራፊውን ጀመረች። በየቅጂው መጨረሻ ላይ ስሟንና የስልክ ቁጥሯን ትናገራለች፤ ያልገባው ሰው እንዲደውል ብላ ነው። ጥጋቡ ደግሞ ያገኘውን ለብቻው የሚበላ ሰው አይደለም። በሚሞሪ እየገለበጠ በቅኔ ቤት ለሚያውቃቸው፣ አሁን በየከተማው ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ላከላቸው። ከንፋስ መውጫ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወገዳ እየደወሉ የሚጠይቋት በዙ። ለሁሉ ሚሞሪ መላክ ስላልተቻለ ቦታ በነጻ የሚሰጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ ጫነችው፤ ጥቂት እንደቆየ ቦታው ሞላ፣ ለተጨማሪው በውጭ አገር ካርድ ክፈይ አላት። እንዲህ ያለ ካርድ ከየት ይመጣል?

በዚህ መካከል ባሕር ዳር ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያስወግድ አንድ ሰርቨር ተገኘ። ሰርቨር ማለት ያለ ዕረፍት የሚሠራ፣ ውስጡ ያለውን ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው፤ ይሄኛው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ የሚሸከመው ብረት ነበር። ወለላ ገዝታ አመጣችውና ሳሎኗ ጥግ ላይ ሰካችው። ማራገቢያዎቹ ሲነሡ ቤቱ ጮኸ። ጎረቤታቸው እትዬ አሰለፈች ሻሻቸውን እያስተካከሉ መጥተው ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ። ወፍጮ አለመሆኑ ሲነገራቸው፣ ወፍጮ ቢሆን ይሻል ነበር አሉ።

ጩኸቱስ ይለመዳል። የማይለመደው መብራቱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ይሞታል፤ ሲመጣም በኃይል ይመጣል። አንድ ቀን ተማሪዎች ለማጠቃለያ ፈተና እየተዘጋጁ ሳለ፣ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ከማሽኑ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ። ለማሽኑ ኃይል የሚያቀብለው ክፍል ተቃጥሎ ነበር። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ሲጠራ ዋለ፤ ትምህርቱ የት ሄደ እያሉ ከየአቅጣጫው ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ይቅርታ እየጠየቀች መለሰች። የመጨረሻውን ስትዘጋ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

መለዋወጫ አግኝታ ጠገነችው። ከዚያ በኋላ ግን ሳሎን የሰርቨር ቦታ እንዳልሆነ ቆረጠች። አዲስ አበባ ውስጥ የሰውን ማሽን በኪራይ የሚያሳድሩ ማዕከሎች እንዳሉ ታውቃለች። ማሽኑ የራስህ ነው፤ ቦታው፣ የማይቋረጠው መብራት፣ ቅዝቃዜውና የኢንተርኔት መስመሩ የእነሱ ነው። የባንክም የሆቴልም ማሽን ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አንዱ የሌላውን አይነካም። ደውላ የአንዲት ጠባብ መደርደሪያ ቦታ ለመነች። ኪራዩን የትምህርት ቤቱ መምህራን እንደ ዕድር አዋጥተው የዓመቱን አስቀድመው ሊከፍሉላት ተስማሙ፤ ሐሳቡን ያነሣው የስፖርት መምህሩ ፈንታው ነው፤ ያነበበችውን አንድ ቀን ተደብቆ ሰምቶ ነበርና።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሰርቨሩን በጋቢ ጠቅልላ ተነሣች። መናኸሪያ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃው ጣሪያ ላይ ይጫናል አለ፤ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ነው። ወለላ አልተከራከረችም፤ የሁለት ወንበር ቲኬት ቆረጠችና አንዱን ለማሽኑ ሰጠችው። በደብረ ታቦር በኩል ቁልቁል ሲወርዱ በየጠመዝማዛው በክንዷ እየደገፈች፣ ጉና ተራራ ከጉሙ ብቅ ጥልቅ ሲል እንኳ ሳታይ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ቄስ ብዙ ከታገሡ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«መጽሐፍ ነው፣ አባቴ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ።»

ቄሱ ከዚያ ወዲያ በየጉድጓዱ ላይ በእሳቸው በኩል ያለውን ጫፍ ይዘውላት ተጓዙ።

ማዕከሉ ውስጥ የተቀበላት ጌታነህ የሚባል ቴክኒሻን ነበር። ወደ አዳራሹ አስገባት። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጥቁር ካቢኔዎች ተሰልፈው፣ ቀዝቃዛ አየር ከወለሉ እየወጣ፣ ድምፁ እንደ ትልቅ ፏፏቴ ሆኖ ጠበቃት። የንፋስ መውጫ ልጅ ነችና ብርዱ አላስደነገጣትም። ያስደነገጣት ጌታነህ ማሽኑን ገልብጦ ካየ በኋላ የተናገረው ነው። ሐዲዱ የት አለ አላት። ለካ ሰርቨር ካቢኔ ውስጥ የሚገባው ግራና ቀኝ በሚታሰር የብረት ሐዲድ ላይ ተንሸራትቶ ነው፤ የእሷ ደግሞ ጨረታ ላይ ያለ ሐዲድ ነው የተሸጠው። ጌታነህ አዝኖላት ነበር፤ ሆኖም በሌላ ሰው ማሽን ላይ መጫን ደንቡ አይፈቅድም፣ የዚህ ዓይነት ሐዲድ ደግሞ ከውጭ ካልሆነ አይገኝም አላት።

ወለላ የካቢኔውን ስፋትና የቀዳዳዎቹን ርቀት እንድትለካ እንዲፈቅድላት ጠየቀችው። ለክታ ስትጨርስ መርካቶ ሄደች። ምናለሽ ተራ ውስጥ ብረት ከሚቀጠቅጡት መካከል አንድ አዛውንት በያጅ አገኘች። ተክለ ማርያም ይባላሉ። ምን እንደሚሠሩ ባይገባቸውም ምን ያህል እንደሚሸከም ጠየቋት፣ እንደ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይቁጠሩት አለቻቸው። እጥፍ ብረት ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በስተው፣ ጫፉ እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ አለሰለሱላት። በማግሥቱ ይዛ ስትመጣ ጌታነህ ሐዲዱን አገላብጦ አየ፣ ካቢኔው ላይ አሰረ፣ ክብደቱን ጥሎ ፈተነው። ከዚያ የማሽኑን አንድ ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን እሷ ያዘች። ማሽኑ ቦታው ገባ።

አረንጓዴ መብራቶቹ ሲበሩ ወለላ ስልኳን አውጥታ ለጥጋቡ ደወለች፤ ወገዳ ሆኖ ሞከረው። ድምፅዋ እንደ ድሮው ሳይቆራረጥ ወረደለት። አንድ ሃርድ ዲስክ ቢሞት ሁለተኛው ያው ነገር ስላለው ሥራ አይቆምም፤ እሷ ግን ለክፉ ቀን ብላ ትርፍ ዲስክ ለጌታነህ አስቀምጣለት ሄደች። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ጋቢው ብቻ ነበር። ልጇን ለሞግዚት ትታ የተመለሰች መሰላት።

በመጣው ዓመት የሆነውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግጭት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ስልክም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አብዛኛውን ቀን አይሠራም። ጥጋቡ ወደ ስማዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዓለምነህ ጤና ጣቢያ ውሎ እያደረ፣ ወለላ ልጆቿን ይዛ ቤቷ ተቀመጠች። በሰፈሯ ያሉትን ሁለት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ግቢዋ እየጠራች ራሷ ታነብላቸዋለች፤ መቅረጹን ግን ተወችው። ለማን? ማሽኑ ሩቅ ነው፣ ቢኖርም ማንም አይደርስበትም፤ ምናልባትም ዲስኩ ሞቶ ባዶ ብረት ሆኗል ብላ አመነች። ዓለምነህ ሊያጽናናት ሲሞክር «ተወው፣ ለእኛ ብቻ የጠፋ ነገር አይደለም» ትለዋለች። ቁም ሣጥኑን ለልብስ ካልሆነ አትከፍተውም ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ግቢው ውስጥ ገብስ እያሰጣች ሳለ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«መምህርት ወለላ ነዎት?» አለች አንዲት ሴት። «ብርቄ እባላለሁ። የምደውለው ከጅማ ነው። ስደውል ብዙ ጊዜ ሆነኝ፣ አይገባም።»

ወለላ የዘመድ መርዶ መሰላት። ሴትየዋ ግን በእርጋታ ቀጠለች። ዓይነ ስውር እንደሆነች፣ ጅማ ውስጥ ልክ እንደ እሷ የማያዩ ተማሪዎችን እንደምታስጠና ነገረቻት። ከዚያ የደወለችበትን ጉዳይ አመጣችው።

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ጂኦግራፊ ምዕራፍ ስድስት ላይ ያበቃል። ሰባተኛውን መቼ ነው የሚያነቡት? ልጆቹ ይጠይቁኛል።»

«ከየት ነው የምትሰሙት?» አለች ወለላ።

«ከእርስዎ ነዋ፣ ከድረ ገጹ። በየቀኑ እንሰማለን። ጠዋት ጠዋት በቡድን ሆነን፣ የቀረውን ለየብቻ።»

ኢንተርኔት የጠፋው እነ ወለላ ዘንድ እንጂ ጅማ አልነበረም። ማሽኑ አዲስ አበባ ካቢኔው ውስጥ ተቀምጦ፣ ወለላ ማሽኑ ሞቷል ብላ ተስፋ በቆረጠችባቸው ወራት ሁሉ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች የእሷን ድምፅ ሲያነብ ከርሟል። ለብርቄ ግን በቅርቡ ነው፣ ሰባተኛውን በቅርቡ አነባለሁ ብቻ አለቻት።

ስልኩ ሳይጠፋ ብላ ወዲያው ለጌታነህ ደወለች። እሱም ሊያገኛት ሲሞክር መክረሙን ነገራት። አንደኛው ዲስክ ሞቶ ቢጫ መብራት አብርቶ ነበር፤ በአደራ የተወችለትን ትርፉን ለውጦለት ሁሉም ነገር ደኅና ሆኗል። ኪራዩም ቢሆን የዓመቱ አልደረሰም፣ አይጨነቅሽ አላት። ከዚያ ትንሽ አፍሮ፣ ማሽኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ ብሎ አንድ ምዕራፍ ከፍቶ እንደሰማ፣ በዚያው ሦስት አራት ምዕራፍ እንደቀጠለ ነገራት።

«ስለ ስምጥ ሸለቆ ያነበብሽውን ተማሪ ሳለሁ እንዲህ አልገባኝም ነበር» አለ።

ወለላ ገብሱን እንደተሰጣ ትታ ገባች። መጽሐፉን ፈልጋ ሰባተኛውን ምዕራፍ የዚያኑ ቀን ጀመረች። በኢንተርኔት መላክ ስለማይቻል በሚሞሪ አድርጋ፣ መንገድ ሲከፈት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ለጌታነህ ትልካለች፤ እሱ ማሽኑ ላይ ይጭነዋል። አንዱ ሚሞሪ መንገድ ላይ ጠፍቶባት እንደገና አንብባዋለች። አንዱን ደግሞ እትዬ አሰለፈች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው አደረሱላት፤ ወፍጮሽ አሁንም ይፈጫል ወይ ብለው የሚጠይቋት ከዚያ ወዲህ ነው። ሥራው ቀርፋፋ ነበር፣ አልቆመም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት አልቆ፣ የአሥራ ሁለተኛው ተጋምሶ ነበር።

ጥጋቡ ትምህርት ሲከፈት ከስማዳ ተመለሰ። መንገዱ ሲከፋ በእግሩ፣ ሲደላ በመኪና እየመጣ፣ ያቋረጠውን ቀጠለ፤ ፈተናውን አልፎ ሕግ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ገባ። ወለላ እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። በቅኔ ቤት ልማድ ሁልጊዜ «የኔታ» ይላታል፤ ለወንድ መምህር የሚሰጥ ስም መሆኑን እያወቀ፣ ሌላ የሚመጥን ቃል አላገኘሁም ይላል። እሷም መቃወሙን ትታዋለች።

በመጀመሪያው ዕረፍቱ ሊጠይቃት መጣ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ምግቡ፣ አስፋልት ስለማቋረጥ ብዙ ሲያጫውታት ቆይቶ፣ አንድ ማታ በመኝታ ክፍሎቹ ኮሪደር ሲያልፍ ከአንዱ በር ድምፅዋን እንደሰማ ነገራት። በሩን አንኳኩቶ ገባ። ከደቡብና ከምሥራቅ የመጡ፣ የማያውቃቸው ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ተሰብስበው ለትምህርታቸው የሚረዳቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ይሰማሉ። አንዱ ዝም በል እንደማለት ትከሻውን ነክቶ ወንበር ሳበለት። ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ሰማ።

«እንደምታውቀኝ ነገርካቸው?» አለች ወለላ።

«አልነገርኳቸውም፣ የኔታ።»

«ለምን?»

ጥጋቡ ፈገግ አለ። «በማግሥቱ ፈተና ነበራቸው። ምዕራፉን ላቋርጥባቸው አልፈለግሁም» አላት።